ጧሪና ቀባሪ በአንድ መስመር

ክበባችን ስብሰባ የሚቀመጠው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነበር። እንጅባራ ላይ በነፃ የምናገኘው ሌላ አዳራሽ ስላልነበረ ጡረተኛውም፣ ነጋዴዋም፣ አናጢውም ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጦ ስለ ሰው ቤት ይወስናል። ስብሰባውን የምንከፍተው አንድ ደቂቃ ዝም በማለት ነው። ግማሻችን ኦርቶዶክስ፣ ግማሻችን ፕሮቴስታንት ስለሆንን «ጸሎቱን ማን ይምራ?» በሚለው ወር ሙሉ ተጨቃጭቀን የደረስንበት ስምምነት ይኸው ዝምታ ነበር።

ሥራችን በዓመት አንድ የደሃ ቤት አፍርሶ መሥራት ነው። አንድ ብቻ። አንድ የከተማው ነጋዴ የሚለግሰን ቆርቆሮ ለአንዲት ክፍል ቤት እንጂ ለሁለት አይበቃም። ስለዚህ ግንቦት በመጣ ቁጥር በመካከላችን ያለው ፍቅር ይቀዘቅዛል። እያንዳንዱ አባል የሚያውቀውን የዘመመ ቤት ይዞ ይመጣል፤ የሌላው ሰው የዘመመ ቤት ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀጥ ያለ ይመስለዋል።

እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ጭቅጭቁን ይቀንሳል ብዬ ቅጽ ያዘጋጀሁትም እኔው ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። ስድስት ጥያቄ ነበረው። አራተኛው «ጧሪ ቀባሪ» ይልና ባዶ መስመር ይከተለዋል። እዚያ መስመር ላይ «አላቸው» ተብሎ የተጻፈበት ሰው ከዝርዝሩ ይወጣል፣ «የላቸውም» የተባለ ይቀጥላል። ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ የጻፍኩት ሰው ሁሉ አንድ ላይ ስለሚላቸው ነው፤ ተነጣጥለው ሲጠየቁ ሰምቼ አላውቅም።

ኮብልስቶን ወደ ሰፈራችን በገባበት ዓመት አምስት ቤት አይቼ ቅጽ እንድሞላ ተላክሁ። ያለኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። እማማ ዘንድ የደረስኩት በመጨረሻ ነው። ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ቆሟል፣ በጥሊሊ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እማማ ከሰባ ያለፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው በቀርከሃና በጭቃ የተሠራች አንዲት ክፍል ናት፤ ጣራዋ ሣር፣ ሣሩ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ ድንጋይ። የኋላው ግድግዳ ወደ ውጭ አብጧል። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። አገውኛ የማውቀው ድንች እስክገዛ ድረስ ነው። እማማ ደግሞ አማርኛ ሲናገሩ እንደ ተዋሱት ዕቃ ቃሉን በጥንቃቄ ያነሡታል፣ በጥንቃቄ ያስቀምጡታል። ያንን ሰምቼ ዝግ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሳልቀመጥ፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ጧሪ ቀባሪ አለዎት?»

ቀና ብለው አዩኝ። ያ አስተያየት ያኔ አልገባኝም፤ በደጃቸው ቆሞ እንደ ሰደባቸው ሰው ነበር ያዩኝ።

«አለኝ እንጅ!» አሉ። «ቀባሪ የሌለው ሰው ምኑን ሰው ነው?»

«አላቸው» ብዬ ጻፍሁና ወደ ባጃጁ ሮጥሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ማፍሰሴንም ያወቅሁት ሳምንት ቆይቼ ነው።

እሑድ ቅጾቹን ለስብሰባው አነበብሁ። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እሳቸውም ሰውን ሁሉ እንደ ተማሪ ያያሉ። እማማ ላይ ስደርስ «ጧሪ ቀባሪ አላቸው» አልሁና ወደሚቀጥለው አለፍሁ። አናጢው ከኋላ ዴስክ እጁን አወጣ። የቤቶቹን ማገር የሚመታልን፣ አገውኛም አማርኛም አፉን የፈታበት ሰው ነው።

«ማን ነው ጧሪያቸው?» አለ።

«እኔ እንጃ! አለኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው» አልሁት። ድምፄ ከፍ ማለቱ ለራሴም ተሰማኝ። ሥራዬን የሚመረምር ሰው አልወድም፤ ያኔ ደግሞ ከዛሬው ይብስብኝ ነበር።

ጋሼም «አንድ የወንድም ልጅ አላቸው። አዲስ ቅዳም ከሰል ይነግዳል ሲባል ሰምቻለሁ» አሉና ነገሩ ተዘጋ። ድምፅ ተሰጠ። ቤቱ አንድ እግራቸውን ላጡ የአራት ልጆች አባት ደረሰ፤ ይገባቸዋል፣ ማንም አልተከራከረም። ቆርቆሮው በማግስቱ ይወሰድላቸው ተባለ።

አናጢው በሩ ላይ ጠብቆኝ ነበር።

«መምህርት፣ ዛሬ ጧት የእማማን ግድግዳ በግንድ ደግፌ ነው የመጣሁት» አለኝ። «ጧሪ ያለው ሰው ግድግዳ በኔ ይደገፋል? ያ የወንድም ልጅ ኸሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ወሬውም የለ።»

«ታዲያ ለምን አለኝ አሉኝ?»

«እሱን እሳቸውን ጠይቂ። ብቻ ቶሎ ጠይቂ። ሐምሌን አያይም ያ ግድግዳ።»

በማግስቱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሄድሁ። ግንዱ የኋላውን ግድግዳ ደግፎ ቆሟል፤ ሥሩ ያለው መሬት በዝናብ ርሶ ግንዱ ራሱ መንሸራተት ጀምሯል። እማማ ድንች እየላጡ ነበር። በዚህ ጊዜ ተቀመጥሁ።

«እማማ፣ ያን ዕለት ጧሪ ቀባሪ አለኝ ብለውኛል። ማን ነው?»

«እድሬ ነዋ!» አሉ። «አርባ ዓመት የቆየሁበት እድር። ስሞት ጥሩንባ ያስነፋል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ይቀብረኛል። የስንቱን ለቅሶ ንፍሮ የቀቀልሁበት እድር አይደለም እንዴ?»

«ጧሪስ? የሚያበላዎት፣ ቤት የሚሠራልዎት?»

ቢላዋውን አስቀመጡት።

«እሱን መቼ ጠየቅሽኝ? ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም በሚያኮራኝ መለስሁልሽ።»

አፈርሁ። ግን እውነቱን ልጻፍ፤ ከሐፍረቱ ይልቅ የበለጠብኝ ፍርሃቱ ነበር። እሑድ ቆሜ «ጥያቄውን በቅጡ አልጠየቅሁም» ልል ነው፣ በአናጢው ፊት፣ «ማን ነው?» ሲለኝ በጮኽሁበት ሰው ፊት። በማግስቱ በመምህራን ክፍል ብቻዬን ሳለሁ ቅጹን አወጣሁ። «አላቸው» ከሚለው ቃል ላይ «አ»ን በምላጭ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጌ «የ» አደረግሁት፣ መጨረሻው ላይ «ም» ጨመርሁ። «የላቸውም» ሆነ። ልክ ነው፣ እውነት ነው፣ የሚጎዳው ሰው የለም አልሁ በልቤ። እሑድ «ሳነበው ተሳስቼ ነው፤ ቅጹ ላይ የላቸውም ነው የሚለው» እላለሁ። የንባብ ስሕተት ከመናቅ ስሕተት ይቀልላል።

እሑድ ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ይቀጠቅጥ ስለነበር የምንነጋገረው እየጮህን ነበር። የአንድ ደቂቃው ዝምታ እንኳ ዝምታ አልነበረም። ያዘጋጀሁትን ተናገርሁ። ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቅጹን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። አርባ ዓመት የተማሪ ፈተና ያረሙ ሰው መሆናቸውን እንዴት እንደ ረሳሁት አላውቅም።

«መምህርት» አሉ፣ «ይህች ‹የ› መቼ ተወለደች?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ የሳቀ የለም።

«‹ም›ዋም በሌላ እስክሪብቶ የተጻፈች ናት። እኅትማማቾች መሆናቸው ነው» አሉ ጋሼ።

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። የብረታ ብረት ሱቅ ያላት፣ ምስማሩን ሁሉ የምትሰጠን ነጋዴ ብድግ አለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ በዚያን ቀን ግን ዓይኗ ፈጀኝ።

«ጸሐፊያችን ፊደል ከቀየረች ሰው ነገ ምን ይለናል? ያምና ያቻምናውስ ቤት በዚህ መንገድ ነው የተሰጠው? እኔ እሷም ከጸሐፊነት ትውረድ፣ የሴትዮዋም ስም ለዘንድሮም ለከርሞም ይሰረዝ ባይ ነኝ።»

«ይሰረዝ» አለ አንዱ። «እውነት ነው» አለ ሌላው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼ ነው። እማማን ልመልስ ብዬ ጭራሽ አስፋቅኋቸው። ተነሣሁ፤ ዴስኩ ጠባብ ስለሆነ በግማሽ ነው የተነሣሁት።

«የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «እሳቸው አያውቁም። ቸኩዬ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸው ስለ ቀባሪ መለሱ፣ እኔ ስለ ጧሪ ጻፍሁ። እኔን አውርዱኝ፤ እሳቸውን አትሰርዙ። ግድግዳው ሊወድቅ ነው።»

«ማን ያምንሻል አሁን?» አለች ነጋዴዋ። ጋሼ «የይሰረዝ ሐሳቡን የምትደግፉ» ብለው ለድምፅ ሊያቀርቡት ሲሉ ነው የአናጢው ዴስክ ባዶ መሆኑን ያየሁት። ጥሎኝ ወጣ ብዬ ቀየምሁት።

እጆች ወደ ላይ መውጣት ሲጀምሩ ባጃጅ ደጅ ቆመ። አናጢው እማማን ደግፎ ገባ። በጋቢያቸው ላይ ላስቲክ ደርበዋል፣ ውኃው ይንጠባጠባል። የፊተኛው ዴስክ ላይ ተቀመጡ፤ ከመሐላችን ዴስኩ ልካቸው የሆነ እሳቸው ብቻ ነበሩ። የወጡት እጆች ቀስ እያሉ ወረዱ።

«ጋሼ፣ ይጠይቋቸው። ኸሳቸው አፍ ስሙት» አለ አናጢው።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለሥራው ስለሚያስፈልግ ነው። ጧሪ ቀባሪ አለዎት ወይ?»

እኔ ያበላሸሁትን ጥያቄ እንዳለ ደገሙት። ሁላችንም ሌላ አማርኛ አልነበረንም።

«አለኝ» አሉ እማማ።

ክፍሉ ጉርምርም አለ። «እማማ» አልሁ ራሴን መግታት አቅቶኝ፣ «ቀባሪውን አይደለም የሚጠይቁዎት፣ ጧ...»

«አንች ዝም በይ! ላንች አንዴ መልሸልሻለሁ።» ወደ ጋሼ ዞሩ። «ሰው የለኝም እንድል ነው የምትፈልጉት። ገብቶኛል፤ ይህ ልጅ በመንገድ ላይ ባገውኛ ነግሮኛል። ሰው የለኝም ካልሁ ቆርቆሮ አለ፤ አለኝ ካልሁ የለም። እንዴት ብዬ ልበል? እርስዎ የእድሬ ዳኛ አይደሉም? እናትዎ ያረፉ ጊዜ ንፍሮውን ማን ቀቀለ?»

«እርስዎ» አሉ ጋሼ በቀስታ።

«ይህ አናጢ ሳጥኔን ይመታል። ያ ከጥግ ያለው ጥሩንባ ነፊያችን ነው። ያች ድስት ያዣችን ናት።» ጣታቸው በየዴስኩ ዞረ። ከክበባችን ግማሹ የእሳቸው እድርተኛ መሆኑን እኔ ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ እነሱ ግን ሁልጊዜም ያውቁት ነበር። «እናንተ ተሰብስባችሁ በተቀመጣችሁበት ሰው የለኝም ብል እናንተን መስደብ አይሆንብኝም? ስሞት ድንኳን አለኝ። ችግሬ እስከዚያ ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው ጠረጉ። ጥሩንባ ነፊው ወለሉን ያያል።

«ቆርቆሮው ተሰጥቷል» አሉ ጋሼ በመጨረሻ። «ከተሰጠው ሰው አንነጥቅም። አራት ልጅ አለባቸው።»

«አትንጠቁ! ማን ንጠቁ አላችሁ?» አሉ እማማ።

አናጢው ተነሣ። «እንጨቱን እድርተኛው ያዋጣ፣ ግድግዳውን በደቦ እናቆማለን፣ ቆርቆሮ ኸየቤቱ አንድ አንድ ይምጣ፤ አሮጌም ይሁን። ችግሩ እማማ እስከዚያ የት ይደሩ ነው። ቤቱን ሳናፈርስ መሥራት አይሆንም፤ የኔ ቤት ኸልጆቹ ጋር መተኛ የለው። የእድሩ ድንኳን...»

«የእድሩ ድንኳን የሚወጣው ለሞተ ነው» አሉ ጋሼ። «ደንቡ ነው።»

«እንግዲያ ልሙትላችሁ?» አሉ እማማ።

ማንም አልሳቀም፤ መሳቅ የፈለገ ቢኖርም ወዴት እንደሚያይ አላወቀም። ነጋዴዋ የዚያ እድር አባል አይደለችም። ቀድማ የተናገረችው ግን እሷ ነበረች፣ አሁንም በቁጣ፣ «ምስማሩ ከኔ!» ብላ። ከዚያ ጋሼ፣ ወደ ማንም ሳያዩ፣ «ነገ ጧት ድንኳኑ ይወጣል» አሉ። የይሰረዝ ሐሳቡን ያነሣው የለም። እኔን ከጸሐፊነት የማውረዱን ሐሳብ ግን አንሥተው ድምፅ ሰጡበት፤ ወረድሁ። ተገቢ ነበር፤ እኔም እጄን አወጣሁ።

ሰኞ ጧት ክፍሌን ለባልደረባዬ አደራ ብዬ ሄድሁ። ድንኳኑ እማማ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ጨርቁ ላይ የእድሩ ስም በትልቁ ተጽፏል። እነ አናጢው አሮጌውን ግድግዳ ሊጥሉት ግንዱን ሲያነሡት፣ መዶሻ ሳያርፍበት በራሱ ጊዜ ተዘርግፎ ወደቀ። ሁላችንም ወደ ኋላ አፈገፈግን። አናጢው ዞሮ አየኝ።

ማናችንም ያላሰብነው ነገር ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ጥሩንባ አልተነፋም፤ ግን ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ ድንኳኑን ያያል። መጀመሪያ አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ «እሜቴን! እሜቴን!» እያለች ገባች። ከኋላዋ ሦስት፣ ከእነሱ ኋላ የከተማችን የቆሰበር ገበያ እኩሌታ ደረቱን እየደቃ ተከተለ። አንዱ ሽማግሌ አጥሩ ዘንድ ቆመው ማልቀስ ጀምረዋል። እማማ ከድንኳኑ ውስጥ በድስቶቻቸው መካከል ተቀምጠው ያያሉ። የመጀመሪያዋ ሴት ከእሳቸው ጋር ዓይን ለዓይን ስትገጣጠም እሪታዋን ግማሹ ላይ ዋጠችው።

«አልሞትሁም» አሉ እማማ። «ቤት እየሠራሁ ነው። መቼም ኸመጣችሁ አይቀር ጭቃውን እርገጡልኝ።»

ሴትየዋ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፤ የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ አልለየሁም። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ቀሚሱን ሰብስቦ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ጭድና ጭቃ ሲረግጥ ዋለ። እኔም ረገጥሁ። ቁርጭምጭሚቴ እስኪደነዝዝ ከረገጥሁ በኋላ ወደ እማማ ሄጄ፣ እግሬ በጭቃ እንደተነከረ፣ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አሉ። «መልሴማ ልክ ነበር። ጥያቄሽ ነው።»

እንደ ለቅሶ «በሠልስቱ» ልል ነበር፤ በሦስተኛው ቀን የግድግዳው እንጨት ቆመ። እማማ ዝናብ በጎን እያስገባ ድንኳን ውስጥ ዐሥራ ሁለት ሌሊት አደሩ፣ ሳል ያዛቸው፣ እኔም በየጧቱ ምን እሰማ ይሆን እያልሁ እየፈራሁ እሄድ ነበር። ጣራው ሲያልቅ እንደ ተጣፈ ሱሪ ሆነ። አንዱ ቆርቆሮ አረንጓዴ፣ አንዱ የዛገ፣ አንዱ የጋሼ የፍየል ቤት ክዳን። አልፈሰሰም።

ክበቡ ከዓመት በኋላ መልሶ ጸሐፊ አደረገኝ፤ ሌላ የሚጽፍ ሰው አጥተው ነው። በአዲሱ ቅጽ ላይ አራተኛው ጥያቄ «ማን ያበላዎታል?» ይላል። ቀባሪን አውጥቼዋለሁ። እኔም የእማማ እድር አባል ሆንሁ፤ የንፍሮው ምድብ ላይ አስገቡኝ፣ ከእማማ ቀጥሎ።

እማማ በዚያች ቤት አራት ክረምት ኖሩ። ያረፉት ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። በዚያን ዕለት ጥሩንባ ተነፋ፣ ጋሼ እንዳሉት እንደ ደንቡ። ድንኳኑ በዚያው ግቢ ቆመ። እኔ ከደጁ አጠገብ ብረት ድስቱን ጥጄ ንፍሮውን እቀቅል ነበር። አንዲት ሴት ከገጠር ድንች ጭና ስታልፍ ጥሩንባውን አልሰማችም ኖሮ አጥሩ ዘንድ ቆመች፣ ድንኳኑን አየች፣ ፈገግ አለች።

«ደግሞ ዘንድሮ ምን ልትሠሩላቸው ነው?» አለችኝ።

ማማሰያውን ይዤ ቆምሁ። ከዚያ ንፍሮ በሰሐን ዘግኜ ወደ አጥሩ ሄድሁላት።